ባዮሎጂካል ሪከርድ ምንድን ነው? "ካርታው ላይ የለም" ማለት "ደኑ ውስጥ የለም" ማለት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የእንግሊዝ ደን ጉዳይ የኛ ልጆች በአማርኛ ሲከራከሩ አየሁ። ከደኑ ጎን ቤቶች ሊሰሩ ነው፣ የሰፈሩ ሰዎች "ደኑ ውስጥ ዶርማውስ (አይጥ የምትመስል ትንሽ የደን እንስሳ) አለ፣ አትንኩት" ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ የሪከርድ ካርታውን፣ ማለትም እንስሳና ተክል የታየበትን ቦታ በነጥብ የሚያሳየውን ካርታ ከፍቶ "ይኸው አንድም ነጥብ የለም፣ ስለዚህ ዶርማውስ የለም፣ ሰዎቹ ቤት እንዳይሰራ ብለው የፈጠሩት ነው" ብሎ ጻፈ። ስንት ሰው ተስማማ መሰላችሁ። ይሄን አባባል ስብሰባ ላይም ሰምቼዋለሁ፣ የተማሩ ሰዎች ሲሉትም ሰምቻለሁ፣ አሁን በራሳችን ቋንቋ ሲመጣ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እንግሊዝ ደኖች ውስጥ ዕፅዋትና እንስሳ መመዝገብ ሥራዬ ነው፣ በዚህ አንድ ስህተት የተነሳም ደን ይቆረጣል።

ሪከርድ ማለት አራት ነገር ነው፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን። "ብሉቤል (ሰማያዊ የደን አበባ ነው)፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን፣ እገሌ አየ" ካልክ ሪከርድ ነው፣ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አይደለም። "የት" የሚባለው የብሪታንያ ካርታ ሥራ ድርጅት በሆነው በኦርድናንስ ሰርቬይ ግሪድ (አገሩን በካሬ በካሬ የሚከፍል መስመር) ነው የሚጻፈው፣ ሁለት ፊደልና ስድስት አሃዝ ከጻፍክ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነች ካሬ ነው ያመለከትከው፣ ስምንት አሃዝ ከሆነ 10 ሜትር በ10 ሜትር። ስለ ትርጉሙ ይሄ ይበቃል፣ ከባዱ ነገር ሪከርድ የማይናገረው ነው።

ሪከርድን እንደ ደረሰኝ አስቡት። ዕቃው፣ ሱቁ፣ ቀኑ፣ የቆረጠው ሰው፣ አራቱም አሉበት። ደረሰኝ በእጅህ ካለ በዚያ ቀን እዚያ ሱቅ ሽያጭ እንደነበረ ታውቃለህ። ደረሰኝ ከሌለህስ? መርካቶ ውስጥ በቀን ስንት ዕቃ ያለ ደረሰኝ ይሸጣል? አንድ ሰው የአዲስ አበባን ደረሰኞች በሙሉ ሰብስቦ ካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ ቢያደርጋቸውና "ነጥብ በሌለበት ንግድ የለም" ቢል ማንም አይሰማውም፣ ምክንያቱም ያ ካርታ በዋናነት የሚያሳየው ካሽ ሬጅስተር ማሽን የት የት እንዳለ ነው። የእንስሳና የዕፅዋት ሪከርድ ካርታም እንደዚሁ ነው፣ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያሳየው መዝጋቢ ሰው የት እንደሚሄድ ነው። የት ይሄዳል? መኪና ማቆሚያ ያለበት፣ መንገድ የተጠረገበት፣ ለቤቱ የሚቀርበው ደን ውስጥ፣ በብዛት ቅዳሜና እሁድ፣ በብዛት ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ አየሩ ሲሞቅና ብሉቤል ሲያብብ።

ኦክስፎርድ አጠገብ ያለውን ዋይታም ደን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1942 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ከ1947 ጀምሮ ግሬት ቲት የምትባለዋን ወፍ በጎጆ ሳጥን እየተከታተሉ ነው፣ ሳጥኖቹ ዛሬ ከ1000 በላይ ናቸው። የነፍሳቱም ሪከርድ ብዙ ነው። አሁን ዋይታምን ከእሱ ራቅ ብሎ ካለ፣ አንድ ገበሬ ከያዘውና መግቢያ መንገድ ከሌለው ደን ጋር ካርታ ላይ ብታወዳድር ዋይታም በነጥብ ተሸፍኖ ያኛው ባዶ ሆኖ ይታይሃል። ዋይታም ሀብታም ደን ነው፣ እውነት ነው፣ ግን በካርታው ላይ ካየኸው ልዩነት ስንቱ የደኑ፣ ስንቱ የተመራማሪው እግር እንደሆነ ከነጥቦቹ ብቻ መለየት አይቻልም።

ያ ካርታውን የከፈተው ወንድማችን አስተያየቱ ውስጥ "ግን እኮ ሰዎች ወደዚህ ደን ይሄዳሉ፣ ሌላ ሌላ ሪከርድ አለው" ብሎ ነበር። ጥሩ ነጥብ ነው፣ ከብዙዎቹ የተሻለ አስቧል፣ ግን ማን ሄደ፣ መቼ ሄደ፣ ምን ሊፈልግ ሄደ የሚለውን አልጠየቀም። የወፍ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። የእንጉዳይ ሰው በመከር ነው የሚመጣው። በነሐሴ የገባ ሰው ደግሞ የደኑን መሬት ግማሹን አያየውም፣ ውድ አኔሞን የምትባለው ነጭ አበባ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ፀሐይዋን ተሻምታ አብባ በፈረንጆቹ በጋ መሀል ቅጠሏም ሳይቀር ከምድር ላይ ጠፍታለች፣ ሥሯ ብቻ ነው አፈር ውስጥ ያለው። ብሉቤልም ቅጠሉ ሞቶ ደረቅ ግንዱና ጥቁር ፍሬው ነው የሚቀረው፣ እሱንም የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያየውም። እንደገና ደግሞ ሙንትጃክ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንሽ አጋዘን ብሉቤሉን ከነአበባው ስለምትግጠው ተክሉ እያለ አበባ የማይታይበት ደን አለ።

ይሄ ዝም ብሎ የዕፅዋት ሰው ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ "ጥንታዊ ደን" የሚባለው ቢያንስ ከ1600 ጀምሮ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ የቆየ መሬት ነው፣ ከልማት የተሻለ ጥበቃ አለው፣ ታሪካዊ ካርታ በማይበቃበት ቦታ ደግሞ ጥንታዊነቱን ለመደገፍ ከምናያቸው ምልክቶች አንዱ እነዚህ የፀደይ አበቦች ናቸው። ስለዚህ በነሐሴ ብቻ የተጠና ደን አበቦቹን ያጣል፣ አበቦቹን ሲያጣ ማስረጃ ያጣል። (የምልክት ተክሎች ዝርዝር ከክልል ክልል እንደሚለያይም እግረ መንገዴን ልበል፣ ዶግስ መርኩሪ በምሥራቅ እንግሊዝ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሌላ ቦታ ግን አጥር ሥርም ይበቅላል፣ የአንዱን ክልል ዝርዝር ወስዶ ሌላው ላይ መፍረድ አይቻልም፣ ደግሞ አንድ ተክል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።) የጥንታዊ ደኖች መዝገብ እራሱ በ1981 ሲጀመር ከ2 ሄክታር በታች የሆኑትን በአብዛኛው አላካተተም ነበር፣ ስለዚህ "መዝገቡ ላይ የለም፣ ጥንታዊ አይደለም" የሚለውም ያው የካርታው ስህተት ነው፣ ደኑ ትንሽ ስለሆነ አልተጻፈም እንጂ ታይቶ ውድቅ አልተደረገም።

እንግዲህ "ተፈልጎ ጠፋ" እንኳን ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ላሳያችሁ። ጎስት ኦርኪድ የምትባል ተክል አለች፣ ቅጠል የላትም፣ አረንጓዴ ቀለም የላትም፣ ምግቧን የምታገኘው ከአፈር ውስጥ ፈንገስ ነው፣ ለዓመታት መሬት ውስጥ ተደብቃ ቆይታ በአንዱ ዓመት ቢች በሚባል ዛፍ በጨለመ ደን ውስጥ ብቅ ትላለች። ለፍለጋ የዞሩት ደግሞ ዝም ብለው አላፊ አግዳሚ ሳይሆኑ ቦታዎቿን በስም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በ2005 ከብሪታንያ ጠፍታለች ተባለ። በ2009 ሄሪፎርድሺር ውስጥ ተገኘች። ከዚያ እንደገና ዝም፣ በ2024 እንደገና ተገኘች፣ ቦታው ግን ለሕዝብ አልተነገረም።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሪከርድ ኖሮ ካርታው ላይ ሆን ተብሎ የማይወጣበት ጊዜ አለ። ብርቅ ኦርኪድ ሰው ስለሚነቅለው፣ ባጀር የሚባለውን አውሬ ጉድጓድ ሰው ስለሚቆፍረው፣ አንዳንድ ሪከርድ ቦታው እንዲደበዝዝ ተደርጎ ነው የሚወጣው ወይም ጭራሽ አይወጣም። አይናቹራሊስት በሚባለው የመመዝገቢያ አፕ ላይም አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ቦታቸው ሰፊ ካሬ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚታየው። የአካባቢው ሪከርድ ማዕከል ጋር የሚገኘው መረጃ ደግሞ ሁልጊዜ በነፃው ካርታ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ስልክህ ላይ ያየኸው ባዶ ቦታ ማንም ያልሄደበት ሊሆን ይችላል፣ ሄዶ ያልጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ጽፎ ገና ያልተረጋገጠ ሊሆን ይችላል፣ ተረጋግጦ የተደበቀ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በእውነት የሌለ። አምስቱም ካርታው ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው።

ቁጥር ለምትወዱ እንዲህ አስቡት። አንድ እንስሳ በርግጠኝነት ያለበት ደን ውስጥ አንዴ ስትገባ የማግኘት ዕድልህ 30 በመቶ ነው እንበል። ሦስት ጊዜ ሄደህ ሦስቱንም ጊዜ የማጣት ዕድልህ 34 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም ከሦስት አንድ። ይሄን ወደ 4 በመቶ ለማውረድ ዘጠኝ ጊዜ መሄድ አለብህ፣ ያውም ጉዞዎቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ከሆኑና ትክክለኛው ወቅት ከሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደኑን ዞሮ "የለም" የሚል ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይሄን ስሌት መስራት ነበረበት።

ታዲያ "የለም" ማለት ጭራሽ አይቻልም ወይ? ይቻላል! ወደ ደረሰኙ ልመልሳችሁ። ነጋዴ ማታ ከማሽኑ ዜድ ሪፖርት (የዕለቱን ሽያጭ ድምር) ያወጣል አይደል፣ ምንም ባልሸጠበት ቀን እንኳን ካወጣው ወረቀቱ ዜሮ ይላል፣ ያ ዜሮ ማሽን ከሌለው ሱቅ ባዶነት ጋር በፍጹም አንድ አይደለም። ማሽኑ ነበር፣ ሱቁ ተከፍቶ ነበር፣ ሽያጭ አልነበረም። በእኛ ሥራ የዜድ ሪፖርት ወንድም ቋሚ ቆጠራ ነው። የቢራቢሮ ቆጠራውን ውሰዱ፣ ዘዴው የተሠራው ሞንክስ ዉድ በሚባለው ደን ውስጥ በ1970ዎቹ ነው፣ ከ1976 ጀምሮ አገር አቀፍ ሆነ፣ አንድ ሰው ያንኑ መንገድ ከሚያዝያ እስከ መስከረም መጨረሻ በየሳምንቱ፣ 26 ሳምንት፣ አየሩ በቂ ሙቀት ሲኖረው ይሄዳል፣ ያየውን ይቆጥራል፣ ያላየው ዝርያ ዜሮ ተብሎ ይያዛል። ያ ዜሮ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ከኋላው ጥረት አለ፣ ጥረቱም ተጽፏል። ለዚህ ነው ሰዎች አልፎ አልፎ ያዩትን ብርቅ ነገር ብቻ ከሚልኩልኝ ያዩትን በሙሉ፣ ተራውን ድንቢጥም ጨምረው፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ ጽፈው ቢልኩልኝ የምመርጠው። ሙሉ ዝርዝር ካለ ያልተጻፈውም ነገር በጥቂቱ ይናገራል፣ ብርቅ ብርቁ ብቻ ከተላከ ግን ያልተጻፈው ነገር ምንም አይናገርም።

በተቃራኒውም ስህተት አለ፣ አጭር ነው ግን ልለፈው አልፈልግም። ነጥብ በዛ ማለት እንስሳው በዛ ማለት አይደለም፣ አፕ የያዘ ሰው በዝቶ ሊሆን ይችላል። የ1988 ነጥብ ደግሞ ዛሬም አለ ማለት አይደለም፣ ያኔ ነበር ማለት ነው። ያልተረጋገጠ ነጥብም ገና ጥያቄ ነው፣ አጣሪው ፎቶ አምጣ ካለህ አትቀየሙት፣ የስፔን ብሉቤል ድቅልና የአገሬው ብሉቤል ስንት ጊዜ ተቀላቅለው ይመጣሉ፣ የአገሬው የአበባ ዱቄቱ ቀለም ነጣ ያለ ክሬም ነው፣ የፎቶው ትኩረት እዚያ ላይ ካልሆነ ማንም በርቀት ሊፈርድ አይችልም።

አሁን ወደ ዶርማውሷ። ጅራቷን ሳይጨምር ከአውራ ጣት ብዙም የማትረዝም፣ ወርቃማ፣ ሌሊት ብቻ የምትወጣ፣ በበጋ ቅርንጫፍ ላይ የምትኖር፣ ከጥቅምት ኅዳር ገደማ እስከ ሚያዝያ መሬት ላይ ቅጠል ሥር ተጠቅልላ የምትተኛ እንስሳ ናት። በቀን ውሻውን ይዞ በደኑ የሚያልፍ ሰው ዕድሜ ልኩን አያያትም፣ እዚያው እያለች። ለዚህ ነው ብዙው የሷ ሪከርድ እሷን ሳይሆን የበላችውን ሃዘል የሚባለውን ቁጥቋጦ ፍሬ በማየት የሚገኘው፣ ስትበላው ክብ ቀዳዳ ታወጣለች፣ የቀዳዳው ውስጠኛ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ጥርሷ የሚታየው ከላይ ቅርፊቱ ላይ ነው፣ ተራ የደን አይጥ ግን ውስጠኛውን ጠርዝ ራሱን ይሸረክተዋል፣ የዛፍ ሽኮኮ (ስኩዊረል) ደግሞ ለሁለት ይከፍለዋል። እንግዲህ ያ ደን ውስጥ ተንበርክኮ ፍሬ ያገላበጠ ሰው አለ ወይ? ወንድማችን ይሄን አልጠየቀም።

በሕግ የተጠበቀች ስለሆነች "የለችም" ለማለት ባለሙያዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የቆዩት መለኪያ አለ። እሷ ገብታ ጎጆ እንድትሠራበት ቢያንስ 50 የጎጆ ቱቦ ቅርንጫፎች ላይ ይሰቀላል፣ ቱቦዎቹ የቆዩበት እያንዳንዱ ወር ነጥብ አለው፣ ሚያዝያ 1 ነጥብ ብቻ ነው፣ ነሐሴ 5፣ መስከረም 7፣ ድምሩ 20 ሳይደርስ "አልተገኘችም" የሚለው ነገር ሚዛን አያነሳም፣ ያውም ፈቃድ ያለው ሰው ፈትሾት። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ሙሉውን ብትተወው እንኳን 25 ነው የሚሞላው፣ ስለዚህ ሰኔ ላይ ሰቅሎ ነሐሴ ላይ የሚያወርድ ሰው የትም አይደርስም። ስለዚያ ደን ለማለት የሚቻለው ዛሬ ይሄ ብቻ ነው፦ ዶርማውስ ስለመኖሯ ወደ ነፃው ካርታ የደረሰ ሪከርድ የለም፣ ተፈልጋ ስለመታጣቷም የወጣ ጥናት የለም። ጥናት አለ የሚል ካለ ቱቦው ስንት እንደነበረ፣ በየትኛው ወር ተሰቅሎ በየትኛው ወር እንደወረደ ያሳየን፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።