ከማር እንጀራ እስከ ዛፍ ሽበት፦ የህዋስ ጥበብ

የህዋስ ጥበብ የሚባለው በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ዓለም መልኩንም ሐሳቡንም የሚቀዳ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስስ የቡሽ ቅንጣቢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን እንደሚመስል በሥዕል አስቀመጠ። ቀዳዳዎቹን፣ ማለትም የቡሹን ህዋሳት (ሴሎች)፣ ያመሳሰላቸው ከማር እንጀራ ጋር ነው። ለእኛ ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። የጤፉም እንጀራ ዓይን አለው፤ ዓይኑን የሚያወጣው ደግሞ እርሾው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን የሚለቁት ጋዝ ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኧርንስት ሄከል ከ1899 እስከ 1904 በአብዛኛው የባሕር ፍጥረታትን በ100 ገጽ ሥዕል አወጣ። ያምራል፤ ግን ሲበዛ የተኳኳለ ነው። በ1906 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሳላቸው የነርቭ ህዋሳት ይሻሉኛል። ቅርንጫፋቸው የግራር ነው የሚመስለው። በእኛ ዘመን ዴቪድ ጉድሴል የህዋስን ውስጥ በውኃ ቀለም ይስላል። ባዶ ቦታ የለም። ሞለኪውሎቹ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ ቱሉ ዲምቱ እንደሚሄድ ታክሲ ተጠቅጥቀዋል።

ሐሳቡን ያሰፋው ግን ሳይንሱ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ለህዋስ ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ድሮ ራሱን ችሎ የሚኖር ባክቴሪያ ነበር ስትል ጻፈች። አብሮ መኖርን በዓይኑ ማየት የፈለገ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይውጣ። በደጋ ዛፎች ላይ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት አንድ ተክል ይመስላል እንጂ ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ነው።

በአዲስ አበባ በሌላው ጫፍ መካኒሳ አለ። አሁን ከተማው ዋጠው እንጂ ድሮ ዳር ነበር። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በ2019 የከፈቱት ዞማ ሙዚየም እዚያ ነው። ኤልያስ ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ሽቦ እየጎነጎነ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። ህዋስ ልሳል ብሎ አይደለም። እኔ ግን ራቅ ብዬ ሳያቸው በማይክሮስኮፕ የሚታይ ሥጋ ይመስሉኛል።

የሙዚየሙ ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው። የጭቃ ቤት ያሠራ ያውቀዋል፦ ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፣ ሽታውም ጎረቤት ይደርሳል። እሱንም የሚያቦኩት ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው።