የሚኮማተር ፕላስቲክ ምንድን ነው?

የሚኮማተር ፕላስቲክ ከፖሊስታይሪን የተሠራ ስስ ሉህ ነው። ይሣልበታል፣ በመቀስ ይቆረጣል፤ ኦቭን ውስጥ ሲገባ ግን በጥቂት ደቂቃ ቁመቱም ስፋቱም ከግማሽ በታች ወርዶ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ጉትቻ፣ ብሮሽ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ የልብስ ቁልፍ ይሠሩበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቤቲ ሞሪስና ኬት ብሉምበርግ «ሽሪንኪ ዲንክስ» በሚል ስም የልጆች መጫወቻ አደረጉት።

ምስጢሩ ያለው ከአመራረቱ ላይ ነው። ፋብሪካው ፕላስቲኩን አሙቆ ወደ ቁመትም ወደ ጎንም ይለጥጠውና እንደተወጠረ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ረጃጅም ሰንሰለት የሚመስሉት ሞለኪውሎቹ ተወጥረው ባሉበት ይደርቃሉ። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ይለቀቁና ወደ ቀድሞ ጥቅልላቸው ይመለሳሉ። ከፕላስቲኩ የሚጎድል ነገር የለም፤ ከስፋት የቀነሰው ወደ ውፍረት ይሄዳል። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረ ካሬ በየጎኑ ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል።

መጠኑ ከሉህ ሉህ ይለያያል። በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ የሚኮማተርም አለ፤ ክብ የቆረጡት እንቁላል መስሎ የሚወጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ከአዲስ እሽግ አንድ ቁራጭ ካሬ ለክቶ፣ ጋግሮ፣ እንደገና መለካት ግድ ነው። ቀዳዳም ከመጋገሩ በፊት ይበሳል፤ 6 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ከተጋገረ በኋላ ልብሳ ቢሉት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሹል ማዕዘኖችንም አስቀድሞ ማክበብ ይሻላል፤ ሲጠነክሩ ቆዳ ይቧጥጣሉ።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያው ቀለም ከቀድሞው አንድ አምስተኛ በሚሆን ቦታ ላይ ስለሚታጨቅ በጣም ይደምቃል፤ መካከለኛ ሰማያዊ ጥቁር ሊመስል ይችላል። ፈዘዝ አድርጎ መቀባት ነው። ባለቀለም እርሳስ ለስላሳ ገጽ ላይ አይዝም፤ በቁጥር 320 ወይም 400 የብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በቁመት፣ ከዚያ በአግድም ቀስ ብሎ መፈግፈግ ያስፈልጋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተፈገፈገ ጭረቱ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የሰም ከለር አይሆንም፤ ሙቀት ያቀልጠዋል።

ኦቭኑ አስቀድሞ ወደ 160 ዲግሪ ይሙቅ። ሥራው በመጋገሪያ ወረቀት ላይ፣ በጠፍጣፋ ትሪ ይገባል፤ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ይጣመማል። ሁሉም ቦታ እኩል ስላልሞቀ ነው እንጂ አልተበላሸም፤ በዚህ ሰዓት ደንግጦ ማውጣት ነው የሚያበላሸው። ቢታገሡት ራሱ ይዘረጋል። ሁለት ጫፎች ከተነካኩ ግን ሊጣበቁ ስለሚችሉ በእንጨት ዘንግ ቶሎ ማላቀቅ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ቅርጽ ይህ ችግር ይበዛበታል። ከተዘረጋ በኋላ 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይወጣና ሳይቀዘቅዝ በወረቀት ሸፍኖ በወፍራም መጽሐፍ መጫን ነው። ማይክሮዌቭ ፖሊስታይሪንን በደንብ ስለማያሞቀው አይሠራም። ጭስ ከታየ ሙቀቱ በዝቷል፤ ጭሱ ለጤና ስለማይበጅ ኦቭኑን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ነው።

የተገዛ ሉህ ከሌለ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 6 ቁጥር ያለበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የምግብ መያዣ ክዳን ይሞከራል። ጠፍጣፋው መሃል ብቻ ይቆረጥ፤ ጎኖቹ ቅርጽ ሲወጣላቸው ባልተመጣጠነ መልክ ስለተለጠጡ ተጣመው ይቀራሉ።

በእርሳስ የተቀባው ገጽ በመጨረሻ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቫርኒሽ ይቀባል። አሴቶን ያለበት ማንኛውም ነገር፣ አንዳንድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ጭምር፣ ፖሊስታይሪንን ያሟሟዋል።