አራት ኪሎ ላይ ስለ ዳርክ ማተር የሚወራውና እውነታው

አራት ኪሎ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የሚከራከረው ሁሉ ሰሞኑን ስለ ዳርክ ማተር (የማይታየው፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው ቁስ) ካርታ ነው ወሬው፣ ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዱ ነገር መስመር ይያዝ።

«በቴሌስኮፕ ፎቶ አንስተውት ነው»
ኧረ አይደለም! ብርሃን አያወጣ፣ አይውጥ፣ አይመልስ፣ እንጦጦ ካሉት ቴሌስኮፖችም ሆነ ህዋ ላይ ካለው ቴሌስኮፕ ከሀብል ፎቶ የሚባል ነገር የለውም። የሚነሳው ከጀርባው ያለው ጋላክሲ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ከባድ ነገር አጠገብ ሲያልፍ ይጎብጣል (የአንስታይን ነገር ነው፣ በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ተለክቷል፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እና የጋላክሲው መልክ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ በብርጭቆ ቂጥ ጋዜጣ ማየት በሉት። ችግሩ አንድ ጋላክሲ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ከመጀመሪያውም ሞላላ ሊሆን ይችላላ። ስለዚህ የብዙ ሺ፣ አሁን አሁን የሚሊዮኖች ቅርፅ ይለካና ጎረቤታሞቹ ተያይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ከተለጠጡ ከፊታቸው ክብደት አለ ማለት ነው፣ ያ ክብደት ከሚታየው ኮከብና ጋዝ በብዙ ከበለጠ ትርፉ ዳርክ ማተር ነው። ርቀታቸው ሲጨመርበት ካርታው ጥልቀትም ይኖረዋል፣ በ2007 በሀብል የተሰራው እንደዛ ነው። በ2023 የመጠቀው የአውሮፓውያኑ የህዋ ቴሌስኮፕ ዩክሊድ ደሞ ከሰማዩ ሲሶውን ሊለካ ነው የሄደው።

«ብላክ ሆል ነው በቃ»
ብላክ ሆል ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር ነው፣ ግን ከሞቱ ኮከቦች የሚፈጠሩት አይበቁም። ኮከቡም ጋዙም እኛም ተደምረን ከዩኒቨርሱ 5 ከመቶ ገደማ ነን፣ ዳርክ ማተር 27 ገደማ። የቀረው ዳርክ ኢነርጂ (የዩኒቨርሱን መስፋት ያፈጥናል የሚባለው) ሌላ ጉድ ነው፣ አታደባልቁት።

«የግራቪቲ ቀመሩ ቢስተካከል ይጠፋል»
ይሄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ የሚሰሩበት ፊዚሲስቶች አሉ። ግን ቡሌት ክላስተርን እዩት፦ ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች ተጋጭተው ጋዛቸው መሃል ላይ ተላትሞ ቀርቷል፣ በኤክስሬይ ይታያል፣ ከሚታየው ቁስ ውስጥ ደሞ ብዙው እሱ ነው። ብርሃኑ በደንብ የሚጎብጠው ግን ጋዙ ጋ ሳይሆን ተላልፈው ከሄዱት ጋላክሲዎች ጋ ነው፣ በግራም በቀኝም፣ ማለት ብዙው ክብደት ያለው እዛ ነው። በ2006 ይሄ ሲወጣ ቀመር አስተካካዮቹን ክፉኛ ነው ያስጨነቃቸው።

«ካርታ ካለው ምንነቱም ታውቋል»
የት እንዳለ ሌላ፣ ምን እንደሆነ ሌላ። አሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ የድሮ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች፣ ሳይንቲስቶች 10 ቶን ፈሳሽ ዜነን (ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ) ታንክ ውስጥ አድርገው አንዷ የዳርክ ማተር ቅንጣት መጥታ እስክትገጨው ይጠብቃሉ። እስካሁን ዳርክ ማተር ነች የተባለች አልመጣችም።