ሳይንስ ፊክሽን የህዋ መርከብ ብቻ አይደለም

ሳይንሳዊ ልብወለድ (ሳይንስ ፊክሽን) እወዳለሁ ስል ሰው ወዲያው "አሃ፣ የኤሊየን ነገር" ይለኛል። ኤሊየን አልጠላም፣ ግን ዘውጉን ዘውግ ያደረገው እሱ አይደለም። ስለ ዘውጉ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

"ሮቦት ወይ መንኮራኩር ከሌለበት ሳይንስ ፊክሽን አይባልም"

ኧረ ይባላል! እነዚህ ጌጥ ናቸው። ዳርኮ ሱቪን የሚባል ሃያሲ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና መለያው "ኖቩም" ነው አለ፣ በላቲን አዲስ ነገር ማለት ነው፣ በኛ ዓለም የሌለ አንድ ነገር ታሪኩ ውስጥ ይገባና በሱ ምክንያት ሌላው ሁሉ ይቀየራል። ለምሳሌ ውሸትን ፈጽሞ የማይስት የስልክ አፕ ቢኖር ብላችሁ ጀምሩ። መንኮራኩር የለም፣ ሮቦት የለም፣ ግን ፍርድ ቤት ምን ይሰራል፣ ትዳር ስንት ቀን ይቆያል፣ ባለስልጣኑ ለራሱ ብቻ አፑን የሚያሳውር ነገር ያስገጥማል ወይ፣ ልጆች ምን ሆነው ያድጋሉ... ይሄን እስከ ጥግ ከተከተላችሁት በቃ ሳይንስ ፊክሽን ጻፋችሁ። በተቃራኒው ደግሞ መንኮራኩር ላይ የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ አለ እንበል፣ መንኮራኩሩን አውጥታችሁ ባቡር ብትተኩበት ምንም የማይጎድል ከሆነ፣ እኔ ያው የፍቅር ታሪክ ነው የምለው። የሚቀየመኝ ይኖራል፣ ይቀየመኝ።

"ስራው ወደፊትን መተንበይ ነው"

ይሄ በጣም የተስፋፋው ነው። ሁሌ የሚጠቀሰው የሳይንስ ፊክሽን ደራሲው አርተር ክላርክ ነው፣ በ1945 ስለ መገናኛ ሳተላይት አስቀድሞ ጽፏል፣ እውነት ነው፣ ግን የጻፈው ልብወለድ ሳይሆን የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው'ኮ! "ሮቦት" የሚለውን ቃል ያስተዋወቀንን የካሬል ቻፔክን የ1920 ተውኔትም ብታዩት ሮቦቶቹ ብረት አይደሉም፣ በኬሚካል የተሰሩ ስጋ ለባሾች ናቸው፣ ቃሉም የመጣው በቼክኛ የግዳጅ ስራ ከሚለው ነው። ሰውዬው መቶ ዓመት አሻግሮ እያየ ሳይሆን በዘመኑ ሰራተኛን እንደ እቃ ስለሚያይ ፋብሪካ ነበር የሚያወራው። ወደፊቱ መድረክ ነው፣ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የዛሬ ነው።

"ሳይንሱ ትክክል ካልሆነ አይቆጠርም"

ዡል ቬርን በ1865 ባሳተመው ልብወለድ ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ ተኩሷቸዋል፣ በእውነት እንደዛ ቢተኮሱ ገና ከመድፉ ሳይወጡ ይጨፈለቁ ነበር። ኤች ጂ ዌልስም በ1895 በጊዜ ውስጥ የሚያጓጉዘውን ማሽን ሲያመጣ እንዴት እንደሚሰራ ብዙም አላብራራም። ሁለቱም ግን የዘውጉ አባቶች ተብለው ነው የሚጠሩት። ስሌቱ ላይ የሚጨነቁ ደራሲዎች አሉ፣ እሱ አንድ ቅርንጫፍ ነው። የሚፈለገው ነገሩ በተፈጥሮ ህግ ወይ በሰው እጅ የመጣ ተደርጎ እንዲቀርብና ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ህግ እንዳያፈርስ ነው። ከፋንታሲ የሚለየው እዚህ ጋር ነው፣ እዛ "እንዴት ሆነ?" ስትሉ መልሱ አስማት ነው። ድንበሩ ግን አጥር የለውም፣ ሁለቱም ላይ እግሩን የሚዘረጋ ሞልቷል።

"ከፊልም የመጣ አዲስ ነገር ነው፣ ደሞ የወንዶች ነው"

ስሙ አዲስ ሊመስል ይችላል፣ ለዘውጉ ብቻ የተዘጋጀው የሁጎ ገርንስባክ መጽሔት እንኳን የወጣው በ1926 ነው። ታሪኩ ግን ከዛ በፊት አለ፣ ብዙ ሰው መነሻ የሚያደርገው ሜሪ ሼሊ በ18 ዓመቷ መጻፍ ጀምራ በ1818 ያሳተመችውን "ፍራንከንስታይን" ነው፣ የሚከራከሩ አሉ፣ ግን እዛ ውስጥ ፍጡሩን የሚያስነሳው ጠንቋይ ሳይሆን ኬሚስትሪ ያጠና ተማሪ ነው። በነገራችን ላይ ፍራንከንስታይን የዚህ ተማሪ ስም ነው፣ ፍጡሩማ ስም እንኳን አልወጣለትም።