ስማርት ቤት፦ አሠራሩ፣ አመራረጡና መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚያዋጣው መንገድ

ስማርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በድምፅ የሚታዘዝ መብራት ነው። እሱ ትንሹ ነገር ነው። ጉዳዩ ሲጨመቅ ሦስት ሥራ ነው፤ አንዱ ዕቃ ያያል፣ ሌላው ይወስናል፣ ሦስተኛው ያበራል ወይም ያጠፋል። የሚያየው ሴንሰር ነው፤ እንቅስቃሴን፣ የበር መከፈትን፣ ሙቀትን፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃን። የሚያበራና የሚያጠፋው አምፖሉ፣ ሶኬቱ ወይም ግድግዳ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ሪሌ (በትዕዛዝ የምትከፍትና የምትዘጋ ማብሪያ) ናት። የሚወስነው ግን የት እንደተቀመጠ ሻጩ አይነግራችሁም፤ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ ኤክስ10 የሚባል ዘዴ ሠራ፤ ትዕዛዙ የሚተላለፈው በዚያው በቤቱ የመብራት ሽቦ ነበር። እስራኤል ያለ አማርኛ አንባቢ ደግሞ የሻባት ሰዓትን ያውቀዋል፤ ዓርብ ተሞልቶ በሰንበት መብራቱን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ኢንተርኔት የማያውቅ፣ ርካሽ ዕቃ። ነገሩን ወደ ተራው ሰው ቤት ያስገባው ስማርት ስልክ ነው። የኔስት ቴርሞስታት (የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ) በ2011፣ የፊሊፕስ ሂው አምፖል በ2012፣ የአማዞን ኢኮ ድምፅ ማጉያ በ2014 ወጡ። ጉግል ኔስትን በ2014 በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ሌሎቹም ትልልቅ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ።

አሁን ወደ ወሳኙ። ርካሽ የዋይፋይ አምፖል ገዝታችሁ በስልክ ስታበሩት ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ ከስልካችሁ ወጥቶ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው ሳሎናችሁ የሚመለሰው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አውቶሜሽኑም፣ ማለትም ዕቃው ራሱ እንዲሠራው ያዘዛችሁት ሁሉ፣ አብሮ ይተኛል። ኩባንያው ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ ያበቃል። ይህ የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም። ሪቮልቭ የሚባለውን መቆጣጠሪያ የገዙ ሰዎች በ2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ ሳጥኑ እጃቸው ላይ ቀረ። ኢንስቲዮን የተባለው የስማርት ቤት ኩባንያም በሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ሰርቨሮቹን አጠፋ፤ በኋላ የተወሰኑ ተጠቃሚዎች ተሰባስበው ድርጅቱን ገዝተው ነው ያስነሱት። ስለዚህ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል ወይ?» ይሁን። ሻጩ መልሱን ካላወቀ አይሠራም ብላችሁ ያዙት።

ውሳኔውን ቤት ውስጥ ለማስቀረት ከሁሉም የሚመቸው ሆም አሲስታንት ነው። ፓውሉስ ስኩትሰን በ2013 የጀመረው ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ፣ ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ ወይም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። የብዙ ኩባንያዎችን ዕቃ አንድ ላይ ያናግራል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያለፋል፣ አልዋሽም። ራስበሪ ፓይ ከሆነ ደግሞ በሚሞሪ ካርድ ላይ አትተማመኑ፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ካርዱ ይበላሻል። ኤስኤስዲ (ከካርድ የሚጠነክር ማከማቻ) አድርጉለት፣ መጠባበቂያ ቅጂውን ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ላፕቶፕ ከሆነ የራሱ ባትሪ ስላለው ለአዲስ አበባ እንደውም የተሻለ ነው።

ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድም ይለያያል። ዋይፋይ ያለውን ራውተር ይጠቀማል፣ ሌላ ሳጥን አይፈልግም፤ ግን ባትሪ ይጨርሳል፣ ዕቃው ሲበዛም ደካማ ራውተር ይጨናነቃል። አብዛኛው ርካሽ ዕቃ የሚገባው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ስልካችሁ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ስላለ ብቻ «አልገናኝም» ብሎ ስንቱን ሰው አናዶታል፤ ራውተሩ ላይ ሁለቱን በተለያየ ስም ለዩአቸው፣ ይገላገላል። ዚግቢ የሚባለው ሌላው የሬዲዮ መንገድ ትንሽ ኃይል ነው የሚፈጀው፤ የበር ሴንሰሩ በአንዲት ክብ ባትሪ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ከሶኬት ኃይል የሚወስዱት የዚግቢ ዕቃዎች ደግሞ መልእክቱን እየተቀባበሉ ያሳልፋሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት አያሳልፉም። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቶቹንና ሪሌዎቹን በየክፍሉ አስገቡ፣ ሴንሰሮቹን ከዚያ በኋላ። በኮንክሪት የተሠራ ጂ ፕላስ 1 ቤት ውስጥ ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ላይኛው ፎቅ ያለው ሴንሰር እየጠፋበት ሲነጫነጭ ይከርማል። ሆም አሲስታንት ከዚግቢ ዕቃዎች ጋር የሚነጋገርበትን የዩኤስቢ መቀበያ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ አትሰኩት፤ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ሲግናሉን ይረብሸዋል፣ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ራቅ አድርጉት።

ማተር የሚባለው የጋራ ደንብ በጥቅምት 2022 ወጥቷል። አፕል፣ አማዞን፣ ጉግልና ሳምሰንግ ተስማምተውበታል፤ አንዱ የሠራውን ዕቃ በሌላው መተግበሪያ ለመቆጣጠር ነው፤ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራም ታስቦ ነው የተነደፈው። አዲስ ዕቃ ከገዛችሁ ምልክቱን ካርቶኑ ላይ ፈልጉ። ያለው የድሮ ዕቃ ግን ስለ ማተር ብሎ አይጣልም።

ከውጭ ዕቃ ለሚያስመጣ አንድ ነገር። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ከአሜሪካ የሚመጣው አምፖልና ሶኬት ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ እዚያው ይቃጠላል። የአሜሪካው አምፖል ክር ከእኛ ማቀፊያ ጋር ስለሚገጥም ነው ሰው የሚሸወደው። ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240» ካላለ አትሰኩ። ዜድ-ዌቭ በሚባለው ሌላ የሬዲዮ መንገድ የሚሠራ ዕቃ ከሆነማ ሬዲዮውም ይለያል፤ የአሜሪካው በ908፣ የአውሮፓው በ868 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ አይግባቡም። ዚግቢና ዋይፋይ ላይ ይህ ችግር የለም። ስጦታ ልትልኩ ያሰባችሁ የዲሲና የሚኒሶታ ሰዎች፣ በባትሪ የሚሠሩ የዚግቢ ሴንሰሮች ላኩ። ቀላል ናቸው፣ አይቃጠሉም።

አምፖሉን ልቀይር ወይስ ማብሪያ ማጥፊያውን? እዚህ ላይ አቋም አለኝ፦ ማብሪያ ማጥፊያውን። ስማርት አምፖል ኃይል ሁልጊዜ ካላገኘ ተራ አምፖል ነው፤ እንግዳ ወይም ልጅ ግድግዳው ላይ ካጠፋው ሞተ። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በሙሉ ኃይላቸው እንዲበሩ ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት መጣ ማለት መኝታ ቤቱ ቀን ሆነ ማለት ነው። መተግበሪያው ውስጥ «ኃይል ሲመለስ» የሚል ምርጫ ካለ «ወደነበረበት» የሚለውን ምረጡ። ግን እሱም ጣጣ አለው፤ በስልክ ያጠፋችሁትን አምፖል በግድግዳው ላብራው ስትሉ እምቢ ይላል። ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ የምትገባው ሪሌ ይህን ሁሉ ትገላግላለች። ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ አምፖሉ የሰፈር ሱቅ አምፖል ነው፣ አውቶሜሽኑ ከላይ የተጨመረ ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ፣ እናታችሁ መብራት ለማብራት ማንንም አትጠይቅም።

ሪሌ ስታስገቡ ግን ማቀፊያውን ከፍታችሁ ሽቦውን እዩ። ብዙ ቤት ውስጥ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የወረደው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) የለም። አብዛኞቹ ሪሌዎች ደግሞ ያለ ኒውትራል አይሠሩም። ያላችሁ ምርጫ ያለ ኒውትራል የሚሠራ ዓይነት መፈለግ ወይም ሪሌውን ኮርኒሱ ላይ አምፖሉ ጋ መግጠም ነው። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ከልስን በፊት ለኤሌክትሪሺያኑ «በየማብሪያው ኒውትራል አውርድልኝ» በሉት። የሽቦው ጭማሪ ቀላል ነው፤ በኋላ ግድግዳ መፈልፈሉ ነው የሚያስከፍለው። ብሬከር ሳታጠፉ ደግሞ ምንም አትንኩ፤ ካልለመዳችሁ ለባለሙያ ስጡት።

የኤሌክትሪክ ምጣድን በስማርት ሶኬት አታስቡት። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። 16 አምፔር ተብሎ የሚሸጠው ሶኬት በ220 ቮልት ጫፉ 3520 ዋት ነው፤ 10 አምፔር የሚለውማ 2200 ብቻ። እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም፤ በጫፉ ላይ ያን ያህል ሲቆይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ምጣዱ ተረስቶ እንዳይቆይ ከፈለጋችሁ የተሻለው መንገድ ብሬከሩ ጋ የፌዙን ሽቦ አቅፎ የሚለካ የኃይል መለኪያ ማስገጠም ነው። ምንም ነገር አይቆርጥም፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ እየጎተተ ሁለት ሰዓት ከቆየ ስልካችሁ ላይ መልእክት ይልካል፣ በቃ።

በእኔ እምነት አዲስ አበባ ውስጥ አውቶሜሽን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሌሊት ተነስቶ ፓምፕ ሲያበራ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወስዶት ሮቶው ሞልቶ ጣራ ላይ ሲፈስ ያድራል። ሁለት የውሃ መጠን ሴንሰር ይበቃል፣ አንዱ ታችኛው ጋን ውስጥ፣ አንዱ ላይኛው ሮቶ ውስጥ። ፓምፑ የሚነሳው ታች ውሃ ካለና ላይ ካልሞላ ብቻ ነው። ታች ባዶ ሆኖ ከተነሳ ደረቁን ዞሮ ይቃጠላል፤ ለዚህ ነው አንዱ ሴንሰር ብቻውን የማይበቃው። ሦስተኛ ጥበቃ ጨምሩ፦ ምንም ይሁን ምን ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ይጥፋ። ሴንሰር ይበላሻል፣ ሲበላሽ ደግሞ «አልሞላም» እያለ ሊቀር ይችላል። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚጎትት በትንሿ ሪሌ አታስነሱት፤ ሪሌዋ ኮንታክተር (ለከባድ ሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ታዝዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ። ብዙው ራውተር በ12 ቮልት ይሠራል፤ አስማሚው ላይ ያለውን ቮልትና አምፔር አይታችሁ የሚመጥነውን ምረጡ። የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ እሱንም አትርሱት።

ሰዓት። መተግበሪያዎቹ የሚያውቁት የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ለእነሱ 19:00 ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉት። ለውጭ መብራት «ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚለውን መጠቀም ይቻላል፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው መካከል ስለምትገባ ቋሚ ሰዓት ብትሰጡትም ብዙ አይዛነፍም። በክረምት ደመና ሲጠቁር የብርሃን ሴንሰር ከሁለቱም ይሻላል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ግን በቋሚ ሰዓት አይሞክረው።

አውቶሜሽን ሲጻፍ መነሻ፣ ሁኔታ፣ ድርጊት አለው። ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው ሁኔታውን ነው። «እንቅስቃሴ ሲታይ መብራት ይብራ» ብቻ ካላችሁ ቀትር ላይም ይበራል። «ጨለማ ከሆነ» እና «ሁሉም ካልተኛ» ጨምሩበት፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ በ10 በመቶ ብርሃን ይብራ። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያያል፣ አቀማመጡን በዚያ አስቡ። ሽንት ቤት ውስጥ ግን ያሳፍራል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ስለማያይ ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። እዚያ የሚሆነው ትንፋሽ እንኳ የሚለየው የሬዲዮ ሞገድ ሴንሰር ነው። ውድ ነው፣ ግን አንድ ቢገዛ እዚያ ይግባ።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም፦ የአማዞን የድምፅ ረዳት አሌክሳ አማርኛ አይሰማም። ዱባይና ሪያድ ላሉ ሰዎች ከድምፅ ይልቅ የኤሲውን ሪሞት የሚተካ የኢንፍራሬድ መቆጣጠሪያ ይጠቅማቸዋል፤ ግድግዳ ሳይነካ፣ አከራይ ሳይጠየቅ፣ ከቤት ሲወጡ ኤሲው ይጠፋል።

ካሜራ። ከውጭ ሆኖ አዲስ አበባ ያለውን ግቢ ማየት ለብዙ ዲያስፖራ የመጀመሪያው ስማርት ዕቃ ነው። ያለማቋረጥ በ2 ሜጋቢት በሰከንድ የሚልክ ካሜራ በቀን ከ21 ጊጋባይት በላይ ይበላል፤ ስለዚህ ቀረጻው ካሜራው ውስጥ ባለ ካርድ ይቀመጥ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይሁን። ካሜራውን ሳሎንና ሠራተኛዋ የምታድርበት ክፍል ውስጥ መስቀል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ካሜራ እንዳለ ሊነገረው ይገባል፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሰቀልም።

የይለፍ ቃሉን ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የያዘው 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በተያዙት ዕቃዎች ተጠቅመው ዳይን የተባለውን፣ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያገናኝ ድርጅት ሲያጠቁት እንደ ትዊተር ያሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ራውተሩ የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት ከቻለ ካሜራዎቹን እዚያ አስገቡ፤ ላፕቶፓችሁ ካለበት ተለይተው ይኑሩ።

ቤት ስትለቁ ወይም ዕቃውን ለሰው ስትሰጡ ከመተግበሪያው ሰርዛችሁ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሱት። ያለዚያ አዲሱ ባለቤት ሊያስገባው አይችልም፤ ካሜራ ከሆነም እናንተ የሰውን ቤት እያያችሁ ትቀራላችሁ።