«ወደ ቁም ነገሩ ግባ» ለምትሉኝ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከበሽታው በላይ ያሰለቸኝ አንድ ምክር አለ፦ «ከርዕስ አትውጣ፣ ወሬ ጊዜ ይበላል።» አለቃ ይለዋል፤ ትናንት የተመረቀ ልጅም ይለዋል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርስ። «ቡና ላይ ሐሜት ብቻ ነው የሚወራው» ይባላል። የየትኛው መንደር በግ እያለቀ እንደሆነ ከሪፖርት ቀድሜ የምሰማው እዚያው ነው። «ወሬኛ ሥራ የለውም» የሚል ደግሞ የመንዝን ገበያ አያውቅም።

ትልቁ ስህተት «ጥሩ ጥያቄ ከጠየቅክ ገበሬው ሁሉን ይነግርሃል» የሚለው ነው። አይነግርህም! ሊደብቅህ ፈልጎ አይደለም። ነገሩ ከበጉ ጋር የሚገናኝ ስለማይመስለው ነው።

ባለፈው ጥር አንድ አባት ሦስት በግ ይዘው መጡ። የበጎቹ መንጋጋ ሥር አብጧል። የአንዷን የዓይን ቆብ ገለጥ ባደርግ ውስጡ ነጭ ሆኗል። የጉበት ትል ነው።

«አባባ፣ የት ነው የሚግጡት?»

«እንደ ድሮው፣ ሜዳው ላይ ነዋ።»

ጻፍኩ። መድኃኒቱን ሳጠጣ ስለ ጉልበታቸው ማማረር ጀመሩ። እረኛው የልጅ ልጃቸው መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገብቷል። እሳቸው ዳገቱን አልቻሉትም። ስለዚህ በጎቹን ከቤታቸው ግርጌ፣ ረግረጉ ዳር ያስሯቸዋል።

ይኸው! ትሉ የሚራባው በረግረግ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉ አብሮ ይውጠዋል። አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እኔ የጠየቅኳቸው ስለ ዛሬው ግጦሽ ነበር፤ በጥር ያሳመማቸው ትል ግን የተዋጠው ጥቅምት ላይ ነው። ጉልበታቸውን ባላዳምጥ በጎቹን አክሜ ወደዚያው ረግረግ እመልሳቸው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እስክሪብቶህን አስቀምጥ። ስለ ልጆቹ ጠይቅ፤ እረኛው ማን እንደሆነ ትሰማለህ። ስለ ውሃው ጠይቅ፤ ከብቱ የት እንደሚወርድ ታውቃለህ። እግረ መንገዴን፣ አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ጨቅላውን አይገድልም። «ሰጥቻለሁ» ብለህ አትዘናጋ።

አባባ አሁን በጎቹን ከጎረቤት መንጋ ጋር ዳገት ይሰዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ላይ ይዘውኝ ውርጭ ስለመታው ገብሳቸው ጀመሩልኝ። ድንጋይ ፈልጌ ቁጭ አልኩ።