ዙኩኒ በጎንደር ጓሮ፦ ሲተርፍም ሲጠፋም

ዙኩኒ የዱባ ወገን ነው። የዘሩ ምንጭ ሜክሲኮና አካባቢዋ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀውን ረዘም ያለ አረንጓዴ መልኩን የያዘው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ሚላኖ አካባቢ ነው። እንደ አገራችን ዱባ አጥር ላይ አይወጣም። አንድ ቦታ ላይ ይንሰራፋል፤ ፍሬውም ሳይጠነክር፣ ገና ለጋ እያለ ይቆረጣል።

ስለ ዙኩኒ የምሰማው እሮሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በዛብኝ፣ ምን ላድርገው?» ይላል። ሌላው «አበባ ብቻ ሆኖ ቀረብኝ» ይላል። እኔ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጎንደር ላይ ትልቁ ጉዳይ መቼ እንደተከላችሁት ነው። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ዝናቡን፣ የቧንቧውን ፈረቃና የጾሙን ወቅት አስቡ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ዙኩኒን ድራሹን የሚያጠፋው ውርጭ ግን ከተማው ውስጥ እምብዛም አይደለም። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ተስፋችን ቧንቧ ነው፣ ቧንቧው ደግሞ ሁሌም አይመጣም፤ ከተማዋን ለዓመታት ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱንም የማያውቅ የለም።

ከተዘራ በኋላ በ45 እና በ60 ቀን መካከል መቆረጥ ይጀምራል። እስቲ ቁጠሩት። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የተዘራ ለፍልሰታ ይደርሳል። መስከረም መጀመሪያ ላይ የተዘራ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀምሮ ኅዳር 15 የሚገባውን ጾመ ነቢያትን ይቀበላል። ጥር ላይ የተዘራ ደግሞ ለ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ነው። እንዲህ ካሰላችሁት ብዙ ፍሬ የሚመጣው ቤቱ ሁሉ አትክልት በሚፈልግበት ሰዓት ስለሚሆን፣ የመትረፍረፉ ችግር በግማሽ ይቀንሳል።

ከሦስቱ እኔ የምመርጠው የመስከረሙን ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ተመልሳለች፣ አደይ አበባ ስለፈነዳ ንቡም አለ። የሰኔው ውሃ ማጠጣት አያስፈልገውም፣ ግን በሽታው ብዙ ነው። ጥር ላይ የተዘራው ፍሬው ጥሩ ነው፣ ችግሩ ውሃ ነው፤ አንድ የሚያፈራ ተክል በበጋ በሳምንት ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ይጠጣል። አትክልትና ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፣ ሥሩ ላይ አፍስሱት። ሥሩን በጭድ ወይም በደረቀ ሣር መሸፈን ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ፣ ፀሐይዋ ከየካቲት ጀምሮ ቀልድ አታውቅም።

አተካከሉ ቀላል ነው። እስከ ክርን የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት። ሁለት ፍሬ ዘር በጎኑ አቁማችሁ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፣ ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ንቀሉ። በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር ይኑር። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር መደቡን ከፍ አድርጉት። ኪራይ ቤት ያላችሁም ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሥሩን በስታችሁ አፈር ብትሞሉት አንድ ተክል ይችላል። ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ካላገኘ ግን ድካም ነው።

ስንት ይተከል? ለአምስት ሰው ቤት ሁለት ይበቃል። ሰው ስድስት ሰባት ችግኝ በአንድ ቀን ይተክልና ከሁለት ወር በኋላ በዙኩኒ ይጥለቀለቃል። ሁለት ተክሎ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ መድገም ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሲደክሙ ተተኪው ይደርሳል።

አሁን ወደ «አበባ ብቻ ሆነብኝ» እንምጣ። ዙኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ሁለቱም አንድ ተክል ላይ ናቸው። ወንዴው ቀጭን አንገት ብቻ አለው። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ጣት የማታህል ዙኩኒ ይዛ ነው የምትወጣው። መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ብዙ ጊዜ ወንዴዎቹ ስለሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አበባ አይቶ ፍሬ ማጣት የተለመደ ነው፣ ትንሽ ታገሱ። ሴቴዋ መጥታ ሕፃኗ ፍሬ ከጫፏ ጀምራ ቢጫ ሆና፣ ለስልሳ፣ ከወደቀች ግን የወንዴው ብናኝ አልደረሳትም ማለት ነው። ጎንደር ላይ ይህ በሐምሌና በነሐሴ ይብሳል፣ ምክንያቱም ዶፍ እየወረደ ንብ አይወጣም፣ አበባዋ ደግሞ የምትከፈተው ለአንድ ማለዳ ብቻ ነው።

መፍትሔው በእጃችሁ ነው፣ በእውነት። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ጓሮ ውጡ። ዝናብ ያልገባበት አንድ የተከፈተ ወንዴ አበባ ቅጠፉና ቢጫ ቅጠሎቹን ላጡለት፣ መሐል ያለው ዘንግ ይቀራል። ጣታችሁን ስታስነኩት ቢጫ ብናኝ ከያዘ ደርሷል። እሱን ይዛችሁ ሴቴዋ መሐል ቀስ አድርጋችሁ አሹት፣ አንዱ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። ቀትር ላይ አበባው ስለሚዘጋ ጠዋቱ ካለፈ አለፈ። ይህን ሳያደርጉ «ዘሩ መጥፎ ነው» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፣ ዘሩ ምንም አላጠፋም።

ሌላው የምርት ጠላት ቅጠሉን ዱቄት የተነፋበት አስመስሎ ነጭ የሚያደርገው በሽታ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ቀኑ ሲሞቅ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የታመመውን የታችኛውን ቅጠል ቆርጣችሁ ከጓሮ አውጡ፣ ውሃ ስታጠጡም ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱ። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ፀሐይ ባለበት ጠዋት መርጨት ገና ሲጀምር ይረዳል። ቅጠሉ ዝንጉርጉር ሆኖ ከተጨማደደና ፍሬው ከተጎረባበጠ ግን ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ያመጣው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት የለውም፤ ነቅላችሁ ጣሉት። ቀንድ አውጣንና ቆራጭ ትልን ማታ በባትሪ መልቀም ነው።

ደህና፣ ተሳካና በዛ እንበል። ፍሬው ስንዝር ሳይሞላ በየሁለት ቀኑ በቢላ ቁረጡት። ትልቅ ይሁንልኝ ብላችሁ ከተዋችሁት ተክሉ ጉልበቱን ዘር ላይ ያውልና አዳዲስ ፍሬ ማውጣቱን ይቀንሳል። ለሦስት ቀን ክፍለ ሀገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ቅጠሉ ሥር ክንድ የሚያህል ዙኩኒ ቢያገኝ አይግረመው። እሱም አይጣልም፦ ልጡን ልጣችሁ፣ ዘሩን አውጥታችሁ፣ ልክ እንደ ዱባ ወጥ በበርበሬ ሥሩት።

ለጋው ለአልጫ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨምሩ፣ ካሮትና ድንቹ ሊበስል ሲል ዙኩኒውን አግቡ። ውሃ አትጨምሩበት፣ ራሱ ያወጣል። ፈቅፍቃችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ከዱቄትና ከቃሪያ ጋር ለውሳችሁ መጥበሻ ላይ ብትጠብሱት ልጆች ይሻሙበታል። ትርፍ ወንዴ አበባም ይበላል።

ለማቆየት ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ፀሐይ ተስማሚ ነው። ስስ አድርጋችሁ ክተፉት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ሰፌድ ላይ አስጡትና በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ አድርቁት፣ ማታ ማታ ግን ወደ ቤት አስገቡት። ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ይሻግታል። ፍሪዘር ያለው ፈቅፍቆና ጨምቆ በትንንሽ ፌስታል ያስቀምጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ ከሆነ ከሳምንት ብዙም አያልፍ።

የቀረው ለጎረቤት ነው። ስትሰጡ ግን ለጋውን ስጡ እንጂ ያረጀውን አትስጡ። ለማኅበር ወይም ለጽዋ የሚደግስ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ለጾም ድግስ አልጫ ብዙ ዙኩኒ ይበላል።

ስለ ዘር አንድ ነገር ልጨምር። አንዱን ፍሬ አስረጅታችሁ ዘር ልታወጡ ትችላላችሁ፣ ድቅል ዘር ከነበረ ግን ልጁ እናቱን አይመስልም። አጠገቡ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ዱባ ካለም ንቡ ያዳቅላቸዋል፣ ከእንዲህ ያለ ዘር ደግሞ አልፎ አልፎ መራራ ፍሬ ይመጣል። ስለዚህ ራሳችሁ ካወጣችሁት ዘር የመጣውን የመጀመሪያ ፍሬ ሳትሠሩት ጥሬውን ቁራጭ ቅመሱ። ከመረረ ትፉት፤ ምሬቱ በማብሰል የማይጠፋ፣ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ ነውና ከዚያ ተክል ሌላ ፍሬ አትቁረጡ።